ፍየሏ የቀመሰቻት ብርቱካን

ሰው ከረጅም መንገድ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው ነገር ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይናገርበታል። አንዱ የበሩን ቁልፍ ያያል። ሌላው የጎረቤቱን ፊት ያያል፤ ፊቱ ከጠቆረ የሆነ ነገር ጠፍቷል ማለት ነው። ባለቤቴ ዘሀራ ድስቶቿን ታያለች። እኔ እቆጥራለሁ።

ይህን የምላችሁ ልኮራበት አይደለም። ልማድ ነው። አዋሽ የገባሁት በአንድ ብርድ ልብስና በሁለት እጄ ነው፤ እሱንም ቆጥሬ ነው የገባሁት። ከባቡር ጣቢያው ማዶ ሻይ ቤት ስከፍት ብርጭቆዬን ማታ ማታ እቆጥር ነበር፤ ከዚያ ወንበሩን፣ ከዚያ የሚመጣውን የባቡር ፉርጎ፣ ከዚያ ደግሞ የምቆጥረው ሲያልቅብኝ የጣራውን ቆርቆሮ። ዘሀራ አንድ ቀን ሲመራት፣ «አንተ ሰውዬ፣ እንዲያው ጥርሴንም ሳትቆጥረው አትቀርም!» አለችኝ። «ሠላሳ አንድ» አልኳት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

እናንተ ደገኞች ዘንድ ክረምት ወጣ ሲባል ጭቃው ይደርቃል፣ ሜዳው ቢጫ ይለብሳል፣ ሰው ማሳውን ሊጎበኝ ይወጣል። አዋሽ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ያኔ በደርጉ ዘመን ክረምት መግባቱን የምናውቀው በሬዲዮና በወንዙ ነበር። ሬዲዮው ደጋው ላይ ዘነበ ይላል፤ ከገደሉ ሥር ያለው ወንዝ ደግሞ የሰው አገር አፈር ተሸክሞ ቡና መስሎ ያልፋል። ለኛ የሚደርሰን ከነሐሴ ሁለት ሦስት ቀን ነው። እሱም ሲመጣ እንደ ተቆጣ እንግዳ በሩን ሰብሮ ገብቶ፣ አጥር ገፍቶ፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። ስለዚህ በኛ አገር ክረምት ሲወጣ ጓሮን መጎብኘት ማለት ምን በቀለ ብሎ መጠየቅ አይደለም። ምን ተረፈ ብሎ መጠየቅ ነው።

ጓሮ ማለቴ ከሻይ ቤቱ ጀርባ ያለችው ቁራሽ መሬት ናት። በቁመቷ ሃያ ስድስት እርምጃ፣ በወርዷ አሥራ አንድ። ውሃ ከጣቢያው ቦኖ በባልዲ እያመላለስኩ ፓፓያ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና አንድ የሎሚ ዛፍ አሳድጌባታለሁ። እነዚህ ለሆድ ናቸው። ከማጀቱ በር ፊት ለፊት ያለችው ግን ሌላ ነች። እሷ የብርቱካን ችግኝ ናት፤ ቁመቷ እስከ ጉልበቴ።

አባቴ ወሎ ውስጥ ከሐይቅ ከተማ ወረድ ብሎ አንድ የብርቱካን ዛፍ ነበረው። ግንዱ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ለሁለት የተከፈለ፣ ልጅ ሆኜ መሐሉ ላይ ቁጭ ብዬ ቁርአን የማጠናበት ዛፍ ነበር። በድርቁ ጊዜ መጀመሪያ ዛፉ ደረቀ፣ ተከትሎ አባቴ ሄደ፤ አላህ ይዘንለት። ዛፉ ሳይደርቅ ከወሰድኩት ፍሬ ዘጠኝ ዘር አዋሽ ላይ ተከልኩ። ከዘጠኙ አንዷ በቀለች። ከዚያ ዛፍ በዚች ዓለም ላይ የቀረው እሷ ብቻ ነበር። ቁጥር ለሚያውቅ ሰው አንድ ማለት አስፈሪ ነገር ነው። ከሁለት ላይ አንድ ሲጎድል አንድ ይቀራል፤ ከአንድ ላይ ሲጎድል ግን የሚቆጠር አይኖርም።

አሁን ሁመድን ላስተዋውቃችሁ። ሁመድ ከከተማው ወጣ ብሎ የሰፈረ አፋር ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ እንኳ የማይቸኩል ሰው። ለሻይ ቤቴ የፍየል ወተት ከሰሌን በተሠራ ዕቃ በየጠዋቱ ያመጣልኝ ነበር፤ ፍየሎቹም ከኋላው ተሰልፈው ይመጣሉ። ተረቱን ታውቁታላችሁ፦ ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ። እኔ ደግሞ ጓሮ ያለኝ ሰው ነኝ። እናም አንድ ጠዋት፣ ከመካከላቸው አንዷ ጓሮዬ ውስጥ እንዳትቀር ብዬ በር ላይ ቆሜ ሲመጡም ሲሄዱም በጣቴ እያመለከትኩ ቆጠርኳቸው።

ሁመድ ቆመ። «ይማም፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«እየቆጠርኩ።»

«አላህ የሰጠኝን አትቁጠርብኝ!»

«ለማወቅ ያህል ነው እንጂ ሁመድ፣ ክፉ አስቤ ነው?»

«ለማወቅ ከሆነ እኔን ጠይቀኝ።»

«እሺ፣ ስንት ናቸው?»

ትንሽ አሰበና ጀመረ። «ነጯ አለች። ቀንዷ የተሰበረው አለች። እናቷ ጅብ የበላባት አለች። የሷ እህት አለች፣ ጆሮዋ ጥቁር የሆነው…» ሻዩ ገንፍሎ እሳቱን እስኪያጠፋው ድረስ ቆጠረልኝ፤ ይቅርታ፣ ነገረኝ። ቁጥሩን ግን አልተናገረም። ሕይወት ያለው ነገር በነሱ ዘንድ አይቆጠርም፤ ይታወቃል እንጂ።

በሦስተኛው ቀን ከፍየሎቹ አንዷን ጅብ በላት። ሁመድ የኔ መቁጠር ያመጣባት መሰለው። ወተቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ በሚስቱ እጅ ይመጣ ጀመር። እኔም፣ ልክ እንደ ሞኝ፣ ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ በሱ መንገድ በኩል ያለውን አጥር ሁለት ሸክም እሾህ ጨመርኩበት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። ባለቤቱ ራሱ አጥሩን ሲያጠብቅስ የናቀው ማንን ነው? ይህን ያኔ አልጠየቅኩም።

በዚህ መሐል ሰኔ ላይ እናቴ ታመመች የሚል መልእክት መጣ። ሻይ ቤቱን ዘግተን፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተን፣ እኔና ዘሀራ ወደ ወሎ ተነሣን። ጓሮውን አደራ ያልኩት ለሌላው ጎረቤቴ ለተካ ነው። ተካ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር። «ለፓፓያ በሁለት ቀን አንድ ባልዲ፣ ለቲማቲም ግማሽ፣ ለብርቱካኗ በየቀኑ አንድ ጣሳ» ብዬ አስጠናሁት። ከዚያ ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ፦ ፓፓያ ሰባት፣ ቲማቲም አሥራ አራት፣ ቃሪያ ሃያ ሁለት፣ ሎሚ አንድ፣ ብርቱካን አንድ። ደብተሩን ኪሴ ከትቼ፣ ጓሮዬን ይዤው የሄድኩ መሰለኝ።

እናቴ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዳነች። ግን ብቻዋን ልትቀር ነው። «ከኛ ጋር ነይ» ስላት አሻፈረኝ አለች። ያባቴ መቃብር፣ የባሌ መቃብር፣ ይህ ቤት፣ ያ ምንጭ፤ እየቆጠረች ከለከለችኝ። ቁጥሩን ከማን እንደወረስኩት አያችሁ። በመጨረሻ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሌላው ሁሉ አልሆን ሲለኝ፣ «ያባቴ ብርቱካን አዋሽ ላይ አለች» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «የኔ ባል ተክል?»

«ከሱ ፍሬ የበቀለች ናት። ደጃፌ ላይ ናት።»

በነጋታው ልብሷን ጠቀለለች። እንግዲህ ይህን ልብ በሉልኝ፦ እናቴ አገሯን ለቅቃ የወጣችው በኔ ቃል አይደለም። በዚያች ጉልበት በማትሞላ ችግኝ ነው።

ሚሌ ላይ ከአሰብ የሚመለስ አንድ የጭነት መኪና አገኘን። እናቴና ዘሀራ ጋቢና ገቡ፤ እኔ ከላይ ጭነቱ ላይ ወጣሁ። አዳይቱ ኬላ ላይ ቆምን። ፈታሹ ወታደር የይለፍ ወረቀታችንን አገላብጦ አየና፣ «ይሄ ሁለት ሰው ነው የሚለው፤ እናንተ ሦስት ናችሁ» አለኝ።

«ሦስተኛዋ እናቴ ናት።»

ወደ ጋቢናው አንገቱን አስግጎ አየ። እናቴ፣ «እንደምን ዋልክ የኔ ልጅ፣ ከሳህ እኮ» አለችው። ወረቀቱን መለሰልኝ። «እናት አትቆጠርም» አለ። አላህ ባለበት ይጠብቀው።

ፊታችን የቆሙት መኪኖች እስኪፈተሹ ወርጄ ጥላ ሥር ቆምኩ። እጄ ሥራ ሲፈታ ከንፈሬ ይሠራል፤ የቆሙትን ቦቴዎች መቁጠር ጀመርኩ። ትንሽ ራቅ ብሎ ሁለት አፋሮች ዳጉ ይለዋወጡ ነበር። ዳጉ ማለት የመንገድ ወሬ ነው፤ ግን እንደኛ ሰፈር ወሬ አይምሰላችሁ። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ፣ ቢቸኩሉም ባይቸኩሉም፣ አንዱ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል፤ ሌላው ተቀብሎ በተራው ለሚያገኘው ያደርሳል። ማን ሞተ፣ የት ዘነበ፣ የማን ግመል ወለደች። ወሬው ከመኪና ይቀድማል ይባላል። እኔ አንድ ቀን የኔ ስም እዚያ ውስጥ ይገባል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከሁለቱ አንዱ፣ የማላውቀው ጎልማሳ፣ ወደኔ መጣና ከንፈሬን ትኩር ብሎ አየ።

«አንተ የአዋሹ ይማም ነህ።»

ደነገጥኩ። «እንዴት አወቅኸኝ?»

«ዝም ብሎ ቆሞ ከንፈሩ የሚንቀሳቀስ ሰው ካገኛችሁ ንገሩት ተብሏል። የሁመድ መልእክት ነው።»

«ሁመድ?»

እሱ ግን እንዳቋርጠው አልፈለገም፤ ዳጉ አይቋረጥም። «ተካ ሥራው ወደ ድሬዳዋ አዙሮት ሄዷል። ከሄደ ቆየ። ዝናብ መጥቶ አጥርህን በጀርባ በኩል ጥሎት ነበር፤ ተዘግቷል። አንገተ ጠማማው ፓፓያ ደህና ነው። ግድግዳው ሥር ያለችው ከላይ እስከ ታች ፍሬ ይዛለች። መንታዎቹ ፓፓያዎች፣ አንደኛው በንፋስ ወድቋል፤ ሌላው አለ። ቃሪያው ቀልቷል። ሎሚው ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታለች።»

አፌን ከፍቼ እሰማለሁ። መንታ ፓፓያ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ሰባት እንዳለኝ ነው የማውቀው።

«ከማጀቱ በር ፊት ያለችው ትንሿ፣ ቅጠሏ ሲታሽ የሚሸተው…»

«አዎ! እሷስ?»

«አጥሩ በወደቀ ቀን ፍየል ደርሳባታለች።»

«ከዚያስ? ተርፋለች?»

በዚህ ጊዜ ኬላው ተከፈተ፤ ሾፌሩ ጡሩንባውን ነፋ። «ሸሪክ፣ ትወጣለህ ወይስ እዚህ ዘመድ አገኘህ?» አለኝ። ሰውየውን እጁን ይዤ፣ «ተርፋለች ወይ?» ስል ራሱን ነቀነቀ። «እኔ የተነገረኝ እስከዚህ ነው። ያልተነገረኝን አልናገርም።» መኪናው ተንቀሳቀሰ፤ ሮጬ ተንጠለጠልኩ።

ከአዳይቱ አዋሽ ያለውን መንገድ እንዴት እንደጨረስኩት አልነግራችሁም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የኪሎሜትር ድንጋዮቹን አልቆጠርኩም። ፍየል ያገኘችው ችግኝ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ከእግሬ ሥር ጋቢና ውስጥ ደግሞ አገሯን ለቅቃ የተከተለችኝ እናቴ አለች። ገዋኔ ላይ ለምሳ ስንወርድ፣ «ብርቱካኗ ስንት ቅርንጫፍ አላት?» ብላ ጠየቀችኝ። «ስንደርስ ታያለሽ፣ ኢንሻአላህ» አልኳት። ቁጥር ተጠይቄ አልመልስም ያልኩበት ቀን እሱ ብቻ ነው። አዋሽ አርባን ስናልፍ ደግሞ ድምፅዋ ከታች ይሰማኝ ነበር፤ ለሾፌሩ ስለ አባቴ ዛፍ ታወራለታለች። በመስኮቱ ዘልዬ አፏን ብይዝ ደስ ባለኝ።

አዋሽ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሁመድ በጓሮው በር ላይ ዱላውን ትከሻው ላይ ጥሎ ተቀምጧል። አጠገቡ አንዲት ነጭ ፍየል ታስራለች። ተነሣና እናቴን አስቀድሞ ሰላም አላት፤ ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«ዳጉው ደርሶሃል?»

«ደርሶኛል።»

«የቀረውን ና ላሳይህ።»

ገባሁ። እጄ በልማዱ ደብተሩን አወጣ። ፓፓያ ስድስት። ቃሪያ ሃያ ሁለት፣ ቀይ። ቲማቲም ግን ሃያ አምስት ሆኖ አገኘሁት፤ የወደቀው ፍሬ በቅሎ። ሁመድ ደብተሬን አየና ፈገግ አለ። «የወደቀው የትኛው እንደሆነ ወረቀቱ ይነግርሃል?» አለኝ። አይነግረኝም። በጣቱ ባዶውን ቦታ አሳየኝ። ለሦስት ዓመት ውሃ ያጠጣሁትን ፓፓያ ያወቅኩት ከሞተ በኋላ ነው።

ከማጀቱ በር ፊት ትንሽ ጎጆ ተሠርታለች። አፋሮች ቤት እንደሚሠሩት ቀጫጭን እንጨት ጎብጦ፣ ላዩ ላይ ቁራጭ ሰሌን ተጥሎ፣ ዙሪያዋን እሾህ ታጥራ። ሁመድ ሰሌኑን ገለጠው። ብርቱካኗ ከላይ ተቆርጣለች፤ ግማሽ ቁመቷ የለም። ከሥሯ ያለው አፈር ግን እርጥብ ነው።

«ይህች ናት የበላቻት» አለ ወደ ነጯ ፍየል እያመለከተ። «ውሰዳት። ያንተ ናት።»

«ሁመድ፣ ምን ነካህ? ያጠጣኸው አንተ፣ ያጠርከው አንተ፣ ፍየል ደግሞ ትጨምርልኛለህ?»

«ውሰዳት አልኩህ። የኔ ከሆነች ነገ ትደግመዋለች። ያንተ ከሆነች ግን፣ አንተን አውቅሃለሁ፣ አጥብቀህ ታስራታለህ።»

ልስቅም ላለቅስም አልቻልኩም። እናቴ ከኋላዬ መጥታ ቆማ ነበር። ዞሬ ፊቷን ለማየት ፈራሁ። «እማ፣ ቁመቷ እንዲህ አልነበረም፣ ልነግርሽ አስቤ…» ብዬ ጀመርኩ።

«አዳይቱ ላይ ሰምቻለሁ» አለች። «መስኮቱ ክፍት ነበር።»

«ሰምተሽ ነው ዝም ያልሽ?»

«አንተ እስክትነግረኝ ስጠብቅ አዋሽ ደረስን።» ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠችና ጣቷን ወደ ተቆረጠው ግንድ ላከች። ከቁርጡ በታች፣ እኔ በድንጋጤ ያላየኋቸው፣ ሁለት ለጋ ቀንበጦች አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ወጥተዋል። እናቴ ሳቀች። ከታመመች ጀምሮ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው።

«ያባትህ ዛፍ ለምን ለሁለት የተከፈለ ይመስልሃል?»

«አላህ ፈጥሮት።»

«አላህማ ፈጠረው። የፈለጠችው ግን የኔ ፍየል ናት። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት፣ እንዲህ ጉልበት እንዳከለ፣ አናቱን ቀረጠፈችው። አባትህም እንዳንተ ነበር፤ እንዳልቆጣ ብሎ ሦስት ቀን ሙሉ በቅርጫት ከድኖ ደበቀብኝ። እኔ ግን አይቼ ነበር።»

እንግዲህ ፍረዱ። እኔ ልጅ ሆኜ የተቀመጥኩበት፣ ቁርአን ያጠናሁበት፣ በሰው አገር ሆኜ ሳስታውሰው ዓይኔን የሚያርሰኝ ያ የዛፉ መንታ ክንድ የፍየል ጥርስ ሥራ ነው! ዘሀራ በሩ ላይ ቆማ ትስቃለች፤ ጥርሷ ሠላሳ አንድ።

ሁመድን ይቅርታ የጠየቅኩት ያን ቀን ነው። ስለ እሾሁም፣ ስለ መቁጠሩም። «ጅብ ቁጥር አያውቅም፤ የኔ ልብ ነው የጠቆረው» አለኝ። ምን ያህል ቀን፣ ስንት ባልዲ ውሃ ከቦኖው እንዳመላለሰ ስጠይቀው ደግሞ ትከሻውን ነቀነቀ። «አልቆጠርኩም።» ይኸው እስከ ዛሬ በደብተሬ ላይ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ። እናቴ የዚያችን ነጭ ፍየል ወተት እየጠጣች ስድስት ዓመት ኖረች፤ ብርቱካኗ ለፍሬ በቅታ ከሁለቱም ክንዶቿ ቀምሳ ነው ያረፈችው። የግራው ይጣፍጣል ትል ነበር።

አሁን ያለሁት ልጄ ቤት ሰመራ ነው። ያኔ ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም፤ ድንጋይና ንፋስ ብቻ ነበር። ከአዋሿ ብርቱካን ዘር አምጥቼ ግቢው ውስጥ ተክያለሁ። አንዷ በቅላ ጉልበቴ ደርሳለች። ሰላምታ የሚሰጡኝ አፋሮች አንዳንዶቹ የሁመድ የልጅ ልጆች ናቸው፤ «የአዋሿ ባለ ሁለት ክንድ እንዴት ናት?» ይሉኛል። «ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ» ብቻ ብዬ አላልፍም። ያየሁትን ሁሉ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራቸዋለሁ። መቁጠሩን እንደሆነ አልተውኩትም፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው።

በቀደም ክረምቱ ሲወጣ እንደ ልማዴ ጓሮውን ልጎበኝ ወጥቼ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። የጎረቤት ፍየል በአጥሩ ቀዳዳ አንገቷን አስገብታ፣ ወደ ችግኟ አናት ከንፈሯን ዘረጋች። ልጮህ አልኩና የእናቴ ሳቅ ትዝ አለኝ። ዱላዬን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ፊቴን ዞር አድርጌ ጆሮዬን ብቻ ሰጠኋት።

አንድ ንክሻ ቆጠርኩላት። ሁለተኛው ላይ ተነሣሁ።